ሰርቨር ሲጨናነቅ ከየት ይጀመራል? የሲፒዩ፣ የሜሞሪና የዲስክ ፍተሻ ደረጃ በደረጃ

ሰርቨር ሲንቀራፈፍ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሪስታርት ነው። ለአንድ ሰዓት ይሻለዋል። ከዚያ ተመልሶ ያው ነው። ሜሞሪውን የበላው የትኛው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) እንደነበር የሚናገረው ማስረጃ ግን ከሪስታርቱ ጋር አብሮ ጠፍቷል። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጊዜ የምትሠሩት በግምት ይሆናል።

ይህ መመሪያ ለሊኑክስ ሰርቨር ነው። ደረጃዎቹን ሳትዘሉ ሂዱ። አንዱ ደረጃ ቀጥሎ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር ልበል። በስልክ ለሥራ ባልደረባ እንደምናስጽፈው፣ በሚነበቡበት ድምፅ ነው የጻፍኳቸው። ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው። «ሰረዝ» ያልኩት የ«-» ምልክትን ነው። «ትልቁ» ካላልኩ ፊደሉ ትንሹ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሰርቨሩ ደህና በሆነበት ቀን መሠራት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

መግቢያ በሩ ሁለት ይሁን። ሜሞሪ ሲያልቅ ኤስኤስኤች (ከሩቅ የምትገቡበት መንገድ) ላይከፍትላችሁ ይችላል። ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት በድረ ገጹ የሚሰጠውን ኮንሶል ዛሬ ሞክሩት። የይለፍ ቃሉ እንደሚሠራም አረጋግጡ። ሁልጊዜ በቁልፍ ፋይል የሚገባ ሰው የይለፍ ቃሉን የሚያስታውሰው ኮንሶሉ ሲጠይቀው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

መሣሪያዎቹን አስቀድማችሁ ጫኑ። ሲስስታት (የአጠቃቀም ታሪክ መዝጋቢ)፣ አይኦቶፕ (ዲስክ የሚጠቀመውን አሳዪ)፣ ኤልኤስኦፍ (ክፍት ፋይሎችን ዘርዛሪ) እና ቲሙክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም የማይዘጋ ተርሚናል) ይበቃሉ። ዲስኩ ከሞላ በኋላ ፓኬጅ ልጫን ብትሉ እምቢ ይላችኋል። ሲስስታት ተጭኖ መረጃ የማይሰበስብበት ጊዜም አለ። በደቢያንና በኡቡንቱ ላይ «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ሰረዝ ሰረዝ ናው ሲስስታት» በሉ። «ኢቲሲ» ውስጥ በ«ዲፎልት» ስር የሲስስታት ፋይል ካለ ደግሞ ክፈቱትና «ኢኔብልድ» የሚለው «ትሩ» መሆኑን እዩ።

የደህና ቀን ቁጥሮችን መዝግቡ። ሎዱ (እየሠሩና ተራ እየጠበቁ ያሉት ሥራዎች ብዛት) ስንት ነው? ነፃ ሜሞሪው ስንት ነው? ዲስኩ ስንት በመቶ ሞልቷል? አንዴ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ አንዴ ሌሊት ጻፉት። ይህ ከሌለ «ሎዱ 6 ነው» የሚለው ወሬ ብቻ ነው። 6 ለአንዱ ሰርቨር የዘወትር ኑሮው ነው፤ ለሌላው የመውደቂያው ዋዜማ።

## 1. ግቡ፣ ምንም ሳትነኩ ማስረጃ ያዙ

መጀመሪያ ቲሙክስ ክፈቱ። ኔትወርኩ ቢቋረጥ ሥራችሁ አይቋረጥም።

ቀጥሎ እነዚህን በተራ አስኪዱ፦ «አፕታይም»፣ «ፍሪ ሰረዝ ኤች»፣ «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች»፣ «ቶፕ ሰረዝ ቢ ሰረዝ ኤን 1»። የወጣውን ጽሑፍ ቀድታችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። እዚያው ሰርቨሩ ላይ አታስቀምጡት። ችግሩ የዲስክ መሙላት ከሆነ ባዶ ፋይል ነው የምታገኙት።

ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አለቃ ከኋላ ቆሞ «ምነው ቆየ?» እያለ እንኳ ይህችን ደረጃ አትዝለሏት።

## 2. ሎዱን ከኮር ብዛት ጋር አነጻጽሩ

«አፕታይም» መጨረሻ ላይ ሦስት ቁጥር ይሰጣችኋል። የመጀመሪያው ያለፈው 1 ደቂቃ አማካይ ነው፤ ሁለተኛው የ5፣ ሦስተኛው የ15 ደቂቃ። አሁን «ኤንፕሮክ» በሉ። ስንት ኮር (ሲፒዩው ውስጥ ሥራ የሚሠራ ክፍል) እንዳላችሁ ይነግራችኋል።

4 ኮር ባለው ማሽን ሎዱ 3 ከሆነ ሥራ አለ፣ ወረፋ የለም ማለት ነው። 12 ከሆነ በአራት ወንበር አሥራ ሁለት ሰው እየተጋፋ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከሦስተኛው ከበለጠ ነገሩ እየባሰ ነው። ካነሰ እያለፈ ነው፤ ያኔ ቶሎ ካላያችሁ ጥፋተኛው ያመልጣችኋል።

ልብ በሉ፦ ሊኑክስ ሎድ ውስጥ የሚቆጥረው ሲፒዩ የሚጠብቁትን ብቻ አይደለም። ዲስክ እየጠበቁ የደረቁትንም ይጨምራል። ስለዚህ ሎዱ 20 ሆኖ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ልታዩ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ትልቅ ሲፒዩ ይከራያል። ገንዘቡ ይወጣል፣ ሰርቨሩ ያው ይሆናል።

## 3. የሲፒዩውን መስመር አንብቡ

«ቶፕ» ክፈቱና ከላይ ያለውን የሲፒዩ መስመር ተመልከቱ።

- ዩኤስ ከፍ ካለ የእናንተው ፕሮግራም እየሠራ ነው። ትልቁን ፒ ተጫኑ፤ ሲፒዩ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል።
- ደብልዩኤ ከፍ ካለ ሲፒዩው ዲስክ እየጠበቀ ነው። ሜሞሪውን በደረጃ 4 አይታችሁ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።
- ኤስቲ ከፍ ካለ ማሽኑን አብረዋችሁ የሚጋሩ ሌሎች ቨርቹዋል ሰርቨሮች ድርሻችሁን እየወሰዱ ነው። እናንተ የምታስተካክሉት ነገር የለም። ቁጥሩን ለአከራዩ ድርጅት ላኩና ወደ ሌላ ማሽን እንዲያዛውሯችሁ ጠይቁ።

አንድ ፕሮሰስ 180 በመቶ ሲያሳይ አትደንግጡ። 100 በመቶ ማለት አንድ ሙሉ ኮር ነው። 1 ቁጥርን ብትጫኑ ኮሮቹ ለየብቻ ይወጣሉ። አንዱ ኮር 100 ላይ ተቸንክሮ ሌሎቹ ባዶ ከሆኑ ሥራው ለኮሮቹ ያልተከፋፈለ ነው። ኮር መጨመር አይረዳውም።

## 4. ሜሞሪ፦ ትክክለኛውን አምድ ተመልከቱ

በጣም የምንሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። «ፍሪ ሰረዝ ኤች» ስትሉ «ፍሪ» የሚል አምድ ይወጣል። አትመኑት። የምትፈልጉት የመጨረሻውን፣ «አቬይለብል» የሚለውን ነው።

8 ጊጋባይት ባለው ሰርቨር «ፍሪ» 190 ሜጋባይት፣ «አቬይለብል» 5.2 ጊጋባይት ቢል ሰርቨሩ ጤነኛ ነው። ሊኑክስ ሥራ ፈት ሜሞሪ አይወድም። ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች እዚያ ያቆያቸዋል፤ ፕሮግራም ሲጠይቀው ይለቅለታል። ካሹን በትእዛዝ እንድታጸዱ የሚመክር ጽሑፍ ካያችሁ እለፉት። ቁጥሩ ያምራል፣ ሰርቨሩ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ከዲስክ ሊያነብ ይገደዳል።

ስዋፕን መፈተሽ። ስዋፕ ሜሞሪ ሲጠብ እንደ ሜሞሪ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር መኖሩ ብቻውን ችግር አይደለም። ችግሩ መመላለሱ ነው። «ቪኤምስታት 1» በሉና ለ20 ሴኮንድ ያህል ተመልከቱ። የመጀመሪያውን ረድፍ እርሱት፤ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የሚሉት አምዶች ያለማቋረጥ ከዜሮ በላይ ከሆኑ ሜሞሪ አልቋል፤ ሰርቨሩ በዲስክ ነው እየተነፈሰ ያለው።

አንድ ሰርቪስ (ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም) በድንገት ሞቶ ካገኛችሁት። «ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ኬ» በሉና «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን ሐረግ ፈልጉ። ካለ፣ ሜሞሪ ሲጠፋ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ መርጦ ገድሎታል። የተገደለው ጥፋተኛው ነው ብላችሁ ግን አትደምድሙ። ከርነሉ በአብዛኛው የሚመርጠው ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ነው። ዳታቤዙ ደግሞ በተፈጥሮው ብዙ ይይዛል። ስለዚህ ስክሪፕት ባጠፋው ዳታቤዝ ይቀጣል። ከመልእክቱ በላይ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ፕሮሰስ ስንት እንደያዘ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ አለ። እሱን አንብቡ። የተያዘውን ሜሞሪ የሚያሳየው የ«አርኤስኤስ» አምድ በገጽ ብዛት ነው፤ በተለመዱት ማሽኖች አንዱ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው።

የዌብ ሰርቨር ሠራተኞች ብዛት። በጣም የተለመደው ምክንያት ስሌት ያለመሥራት ነው። አንድ የፒኤችፒ ሠራተኛ ፕሮሰስ 80 ሜጋባይት ይይዛል እንበል። ከፍተኛውን ብዛት 50 ካደረጋችሁት 4 ጊጋባይት ፈቅዳችኋል። ማሽኑ ያለው 4 ከሆነና ዳታቤዙም እዚያው ካለ የሚወድቅበት ቀን የታወቀ ነው፤ ጎብኚ የበዛ ቀን። ለዳታቤዙና ለሲስተሙ የሚያስፈልገውን ቀንሱ፣ የቀረውን ለ80 አካፍሉ፣ ከተገኘው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ።

ጊዜያዊ ማስታገሻ፦ ስዋፕ መጨመር። ስዋፕ ጭራሽ ከሌለ 2 ጊጋባይት ጨምሩ።

1. «ኤፍአሎኬት ሰረዝ ኤል 2ጂ /ስዋፕፋይል» (ጂው ትልቁ ነው)
2. «ሲኤችሞድ 600 /ስዋፕፋይል»
3. «ኤምኬስዋፕ /ስዋፕፋይል»
4. «ስዋፕኦን /ስዋፕፋይል»
5. ማሽኑ ሲነሳ ዲስክና ስዋፕ በሚያያይዝበት በ«ኤፍስታብ» ፋይል ውስጥ ለስዋፕፋይሉ አንድ መስመር ጨምሩ፤ አለዚያ ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል።

«ስዋፕኦን» ላይ ፋይሉ ክፍተት አለው የሚል ስህተት ከመጣ ፋይሉን አጥፉና በ«ዲዲ» ትእዛዝ እንደገና ፍጠሩት። ኤፍስታብን ከነካችሁ በኋላ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት «ፋይንድኤምኤንቲ ሰረዝ ሰረዝ ቬሪፋይ» በሉ። እዚያ ፋይል ላይ የምትፈጠር አንዲት የፊደል ስህተት ማሽኑ እንዳይነሳ ልታደርግ ትችላለች።

## 5. ዲስክ ሲሞላ

አንድ ሌሊት ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» 100 በመቶ ይላል። ዳታቤዙ አይጽፍም። ፈልጌ 38 ጊጋባይት የሆነ ሎግ (ፕሮግራም የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) አገኘሁና አጠፋሁት። እፎይ ብዬ «ዲኤፍ»ን ደገምኩት፤ አሁንም 100 በመቶ። ሦስቴ አስኬድኩት። ፋይሉ የለም፣ ቦታው ግን አልተለቀቀም። አንድ ሰዓት ያህል ሌላ ጥፋተኛ ስፈልግ አነጋሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፋይሉን የሚጽፍበት ፕሮግራም ከፍቶ እንደያዘው ነበር። ሊኑክስ የፋይሉን ስም ያጠፋል፤ ቦታውን የሚለቀው ግን የመጨረሻው ፕሮሰስ ሲዘጋው ነው። «ኤልኤስኦፍ ፕላስ ትልቁ ኤል 1» ብትሉ ተሰርዘው ያልተለቀቁትን ከነባለቤታቸው ይዘረዝርላችኋል። ባለቤቱን ሰርቪስ ሪስታርት ስታደርጉ ቦታው ወዲያው ይመለሳል።

ከዚያን ቀን ወዲህ እየተጻፈበት ያለ ሎግ አላጠፋም። ባዶ አደርገዋለሁ፦ «ትራንኬት ሰረዝ ኤስ 0» ከዚያ የፋይሉ ስም።

ቅደም ተከተሉ፦

1. «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች»። የሞላው የትኛው ክፍል ነው?
2. «ዲኤፍ ሰረዝ አይ»። ቦታ እያለ «ቦታ የለም» የሚል ስህተት ከመጣ አይኖድ (ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መዝገብ) አልቆ ይሆናል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች፣ ለምሳሌ ያልተጸዱ የሴሽን ፋይሎች፣ ይህን ያመጣሉ።
3. «ዲዩ ሰረዝ ኤክስኤች ሰረዝ ዲ 1 /»። ትልቁን ፎልደር አግኙ፣ ወደ ውስጡ ግቡ፣ ድገሙት። ኤክሷን አትርሱ፤ ወደ ሌሎች ዲስኮች እንዳይሻገር የምታደርገው እሷ ናት።
4. «ዲኤፍ» እና «ዲዩ» ካልተስማሙ ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ ከላይ የነገርኳችሁ ነው። ሌላው የተሸፈነ ፋይል ነው፦ የባክአፕ ዲስኩ ባልተያያዘበት ቀን ባክአፑ ባዶው ፎልደር ላይ፣ ማለትም ዋናው ዲስክ ላይ ተጽፎ ይሆናል። ዲስኩ ሲያያዝ ፋይሎቹ ከዓይን ይሰወራሉ፤ ቦታውን ግን ይዘዋል። ዲስኩን ለጊዜው ነቅላችሁ ከስሩ ተመልከቱ።

ሳትሰጉ የምታጸዱት፦ የጆርናል ሎግ («ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ሰረዝ ቫክዩም ሰረዝ ሳይዝ 500ኤም»፣ ከ500 በፊት የእኩል ይሁን ምልክት አለ፣ ኤሟም ትልቋ ናት)፣ የፓኬጅ ካሽ («ኤፒቲ ክሊን»)፣ የቆዩና የታመቁ ሎጎች።

በእጅ የማይነኩ፦ የዳታቤዝ ፎልደር ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር። ፖስትግሬስ ውስጥ «ዎል» የሚባሉት ፋይሎች ሎግ ይመስላሉ፤ ሎግ አይደሉም፣ ስታጠፏቸው ዳታቤዙ ይበላሻል። የማይኤስኪውኤል ባይነሪ ሎግም ቢሆን የሚጸዳው ከዳታቤዙ ውስጥ ሆኖ በ«ፐርጅ» ትእዛዝ ነው። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች የሚያስኬድ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ደግሞ «ፕሩን» ላይ «ቮልዩምስ» የሚለውን ከመጨመራችሁ በፊት እጃችሁን ሰብስቡ። በወቅቱ ኮንቴይነር ያልያዛቸውን የዳታ ማኅደሮች ሊጠርግ ይችላል። የኮንቴይነር ሎጎች በነባሪው ገደብ የላቸውም፤ መጀመሪያ እነሱን እዩ።

በኤክስት4 የፋይል ሥርዓት በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ሌላም ነገር ይኖራል። በነባሪው 5 በመቶው ለሩት (ሙሉ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ) ተጠብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ሩት ሆናችሁ መጻፍ እየቻላችሁ ዳታቤዙ «ሞላ» ብሎ ሊቆም ይችላል። «እኔ ጋ ይሠራል» ብላችሁ አትከራከሩት።

## 6. ዲስኩ ቦታ አለው፣ ግን ቀርፋፋ ነው

«አይኦስታት ሰረዝ ኤክስ 1» በሉ። እዚህም የመጀመሪያውን ውጤት እለፉት። የምታዩት «አዌይት» በሚል የሚያልቁትን አምዶች ነው፤ አንድ ጥያቄ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ በሚሊሰኮንድ ነው። «ዩቲል» 100 ቢል በአሮጌው ባለ ሳህን ዲስክ ላይ እውነት ነው። በኤስኤስዲ ላይ ግን ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚቀበል 100 ሆኖም ትርፍ አቅም ሊኖረው ይችላል። የደህና ቀን ቁጥራችሁ እዚህ ይጠቅማችኋል።

ማን እየጻፈ እንዳለ ለማወቅ «አይኦቶፕ ሰረዝ ኦ»። ብዙ ጊዜ የሚያዘው ባክአፕ ነው፣ ወይም እርስ በርሱ የተደራረበ የክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ) ሥራ። በየ5 ደቂቃው የሚነሳ ስክሪፕት አንድ ቀን 7 ደቂቃ ከፈጀ ሁለተኛው ይደረብበታል። ሁለቱ ሲጋፉ ሁለቱም ይዘገያሉ፣ ሦስተኛው ይመጣል። በክሮን መስመሩ ላይ ከትእዛዙ በፊት «ኤፍሎክ ሰረዝ ኤን» እና የመቆለፊያ ፋይል ስም ጨምሩ። የመጀመሪያው ሳይጨርስ ሁለተኛው አይነሳም።

## 7. ክፍት ፋይሎችና ግንኙነቶች

ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ ደህና ሆነው ሰርቪሱ ጥያቄ ካልተቀበለ ሎጉ ውስጥ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» የሚል ፈልጉ። ገደቡን ተርሚናል ላይ በ«ዩሊሚት» ማሳደግ በሲስተምዲ (ሰርቪሶችን በሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ለሚነሳ ሰርቪስ ምንም አይሠራም። በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ «ሊሚትኖፋይል» ብላችሁ አስተካክሉ (የ«ሊሚት» መጀመሪያ ፊደል ትልቁ፣ «ኖፋይል» ሙሉውን በትልቁ)። ግንኙነቶችን በጅምላ ለመቁጠር «ኤስኤስ ሰረዝ ኤስ» ይበቃል።

## 8. ጥፋተኛውን ማስቆም

በ«ቶፕ» የመጀመሪያው አምድ ላይ ያለውን የፕሮሰሱን ቁጥር ይዛችሁ ወደ «ኪል» ከመሄዳችሁ በፊት «ፒኤስ ሰረዝ ኤፍፒ» ከቁጥሩ ጋር ጻፉና ማን እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ፦

1. ሥራው አስፈላጊ ከሆነ አትግደሉት፤ ወደ ኋላ ሰልፍ አስይዙት። «ሪናይስ 19 ሰረዝ ፒ» እና ቁጥሩ።
2. መቆም ካለበትና ሰርቪስ ከሆነ በ«ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» አቁሙት። ሌላ ከሆነ ተራ «ኪል» በቂ ነው። ፋይሉን ዘግቶ እንዲወጣ ጊዜ ስጡት፤ 30 ሴኮንድ ጠብቁ።
3. እምቢ ካለ «ኪል ሰረዝ 9»። ዳታቤዝ ላይ ይህን አታድርጉ።

«ኪል ሰረዝ 9» ካልሠራስ? በ«ቶፕ» ላይ የፕሮሰሱን ሁኔታ ተመልከቱ። ትልቁ ዲ ካለ ዲስክ ወይም የኔትወርክ ዲስክ እየጠበቀ ነው። ደጋግማችሁ ብትመቱት አይሰማም። የሚጠብቀውን ነገር አስተካክሉለት። ዜድ ካለ ሞቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ ሜሞሪ አይበላም፣ ተዉት። እየበዙ ከመጡ ወላጅ ፕሮሰሱ ላይ ስህተት አለ።

## 9. እንዳይደገም ገደብ አብጁ

አንድ ሰርቪስ ሌሎቹን ይዞ እንዳይወድቅ በሲስተምዲ ድርሻውን ወስኑለት። «ሲስተምሲቲኤል ሴት ሰረዝ ፕሮፐርቲ»፣ የሰርቪሱ ስም፣ ከዚያ ገደቡ (በገደቡ ስም እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ «ሲፒዩ» ሙሉውን በትልቁ ነው)፦ «ሜሞሪሃይ» ሲደረስ ፍጥነቱን ይይዘዋል፤ «ሜሞሪማክስ» ሲደረስ ይገደላል። «ሲፒዩኮታ» 50 በመቶ ከተባለ ግማሽ ኮር ነው፤ 200 በመቶ ሁለት ኮር።

ሜሞሪማክስን በግምት አታስቀምጡ። ለአንድ ሳምንት ከፍተኛውን አጠቃቀም ተመልከቱና ከዚያ አንድ አራተኛ ያህል አስበልጡ። አለዚያ ችግሩን ራሳችሁ ትፈጥራላችሁ።

ሎጎችን በ«ሎግሮቴት» እንዲዞሩ አድርጉ። ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት በ«ሰረዝ ዲ» ሞክሩት፤ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይናገራል፣ አያደርገውም።

## 10. ታሪክና ማንቂያ

ሲስስታት በነባሪው በየ10 ደቂቃው ይመዘግባል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ምን እንደነበረ ጠዋት መጠየቅ ትችላላችሁ፦ «ሳር ሰረዝ ኪው» ለሎድ፣ «ሳር ሰረዝ አር» ለሜሞሪ፣ «ሳር ሰረዝ ዩ» ለሲፒዩ። የሰርቨሩ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ሰዓቶቹን ስታነጻጽሩ ተጠንቀቁ።

ማንቂያ በጥቂቱ ጀምሩ። ዲስክ 80 በመቶ ሲሞላ፣ «አቬይለብል» ከጠቅላላው 10 በመቶ በታች ሲወርድ፣ የ15 ደቂቃው ሎድ ከኮር ብዛት ሲበልጥ። ሦስት ይበቃል። በቀን 40 መልእክት የሚልክ ማንቂያ በሳምንቱ ማንም አይከፍተውም። ላኪው ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ ይሁን፤ የወደቀ ሰርቨር መውደቁን አይናገርም።

ማንቂያውን ተክላችሁ አትተዉት፤ ፈትኑት። በ«ኤፍአሎኬት» ዲስኩን ከ80 በመቶ ትንሽ የሚያሳልፍ ፋይል ፍጠሩ። መልእክቱ ስልካችሁ ላይ እስኪደርስ ጠብቁ፣ የወሰደውን ደቂቃ መዝግቡ፣ ፋይሉን አጥፉ።